ጅብ ከሄደ በኋላ የወጣ ሕግ

ጃንዋሪ 21 ቀን 2022 ዓርብ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ማግሩደር በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ውስጥ የ17 ዓመት ተማሪ የ15 ዓመቱን ልጅ በሽጉጥ መታው። ልጁ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነፍሱ ተረፈች። ሽጉጡ ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ከሰው ቤት የተሰረቀም አይደለም። ክፍሎቹ በኢንተርኔት ታዘው የተገጣጠሙ፣ መለያ ቁጥር የሌለው፣ እዚህ አገር «ጎስት ጋን» የሚሉት ዓይነት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጌይተርስበርግና ጀርመንታውን ለምንኖር ሐበሾች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛ ጭምር የሚያወጡት ልጆቻችን እዚያው ስለሚማሩ ነው።

ካውንቲው እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ከልጆች እጅና ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ቦታ የሚያርቅ ሕግ ያወጣው በኤፕሪል 2021 ነበር። ተኩሱ የተሰማው ሕጉ ከወጣ ዘጠኝ ወር ካለፈው በኋላ ነው። የተጠራጣሪዎቹ ጥያቄ ወዲያው መጣ፦ «ታዲያ ሕጉ ምን ፈየደ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ጥያቄው ሳይሆን ጠያቂው ነው። ሕጉ በጊዜው እንዳይወጣ ዓመታት ሙሉ የጎተተው ያ ጥርጣሬ ራሱ ነው ዛሬ ከፍ ብሎ ቆሞ «ዘግይቷል፤ አይሠራም» እያለ የሚመሰክረው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መለያ ቁጥር እንዲጽፍ ያስገደደው አምራቹንና አስመጪውን ነው። ለራሱ ብሎ በጓሮው የሚሠራውን ሰው አልነካውም። ያኔ ይህ ሞኝነት አልነበረም። ከብረት ሽጉጥ ማውጣት የእጅ ሙያ ይጠይቃል፣ ማሽን ይጠይቃል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ መካኒክ ወይም አደን የሚወድ ባለሙያ እንጂ በንዴት ላይ ያለ የ17 ዓመት ልጅ አይደለም። ሕጉ ሳያጥረው የተወውን የሥራው ከባድነት አጥሮት ኖሯል።

አጥሩን ያፈረሱት ነጋዴዎች ናቸው። በሕግ ዓይን ሽጉጥን ሽጉጥ የሚያሰኘው ቃታውና ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት ዋናው አካል፣ ፍሬሙ ነው። አፈሙዙና የጥይት ካርታው ያለ ጠያቂ ይሸጣሉ። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ፍሬሙን ለጥቂት ሳይጨርሱት ተዉት፤ ጥቂት ትርፍ ፕላስቲክ ያልተነሣለት፣ ጥቂት ቀዳዳ ያልተበሳለት አድርገው። ገበያው «ሰማንያ በመቶ» ይለዋል። በሕግ እንዲህ የሚባል መለኪያ የለም፤ የማሻሻጫ ስም ነው። ያላለቀ ስለሆነ ሽጉጥ አይደለም ተባለ። ሽጉጥ ካልሆነ ቁጥር የለውም፤ ገዢውም ስሙን አይጠየቅም፣ የወንጀል ታሪኩ አይጣራም፣ ዕድሜውን የሚያይ የለም። ኔቫዳ የነበረው ፖሊመር80 የተባለው ኩባንያማ ይባስ ብሎ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ሳጥን አሽጎ «ግዛ፣ ሥራ፣ ተኩስ» የሚል ስም አውጥቶለት ይቸበችበው ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት እንደተነገረው፣ ያንን ዕቃ ከዚያ በፊት ዐይቶት የማያውቅ ሰው ተራ መሣሪያና ዩቲዩብ ብቻ ይዞ ሽጉጡን ገጣጥሞ የጨረሰው በ21 ደቂቃ ነው። ቡና ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

የፌዴራሉ የመሣሪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤትስ? ከ2015 ጀምሮ ለዚሁ ኩባንያ በጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ ያላለቁ ፍሬሞች በሕጉ ትርጉም የጦር መሣሪያ አይደሉም ብሎ አረጋግጦለታል። ነጋዴው ደብዳቤውን እንደ ፈቃድ ይዞት ገበያ ወጣ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የቢሮክራሲ ነገር የትም አገር አንድ ነው።

ወደ ቁጭቱ ልምጣ።

ጁን 7 ቀን 2013 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ አንድ ወጣት አምስት ሰው ገደለ። አባቱና ወንድሙ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ይህ ወጣት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሣሪያ ሊገዛ ሞክሮ የግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት አጣርቶ አይፈቀድለትም ብሎ መልሶታል። አጣሪው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የተከለከለው ወጣት ግን ያላለቀ አካል አግኝቶ ጠመንጃውን ራሱ ገጣጠመ። እንግዲህ በ2013 ክረምት ሳይገባ የዚህ ጉዳይ ምሥጢር ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ማን እንደሚገዛው ታውቋል፣ ለምን እንደሚገዛው ታውቋል፣ በየት ቀዳዳ እንደሚሾልክ ታውቋል። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ኮዲ ዊልሰን የተባለ የሕግ ተማሪ በፕሪንተር የታተመ የፕላስቲክ ሽጉጥ ተኩሶ አሳየና ንድፉን ለዓለም ለቀቀው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አውርድ ብሎ እስኪያዘው በሁለት ቀን ውስጥ ንድፉ ከ100,000 ጊዜ በላይ ወደየሰዉ ኮምፒውተር ገብቷል።

የካሊፎርኒያው ሴናተር ኬቨን ደ ሊዮን ረቂቅ ይዘው ብቅ አሉ። የጠየቁት ተአምር አይደለም። በቤቱ መሣሪያ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ያመልክት፣ እንደማንኛውም ገዢ ይጣራ፣ ቁጥር ይሰጠውና በመሣሪያው ላይ ይጻፍበት፤ ይኸው ነው። በ2014 ጃንዋሪ ጋዜጠኞች ሰብስበው አንዱን ጠመንጃ ከፍ አድርገው ይዘው ሲያስረዱ ግን ምላሳቸው ተሳሰረ። የጥይቱን ስፋትና የካርታውን ልክ አምታቱና ሠላሳ ጥይት በግማሽ ሰከንድ ይተፋል አሉ። አይተፋም። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። መሣሪያ የሚያውቅ ሁሉ ተንከተከተ።

እውነቱን ለመናገር ያስቃል። ጠመንጃ እንጨት ይሁን ብረት ያልለየ ባለሥልጣን ስለ ጠመንጃ ሕግ ሲያወጣ መሳቅ የአዋቂ ወግ ነው፤ እኔም ስቄአለሁ። ችግሩ ሳቁ ከሰውየው አልፎ ወደ ረቂቁ መሻገሩ ነው። ቪዲዮውን ካዩት መካከል ረቂቁን ያነበበ ስንት ነበር? «የማያውቁትን ነገር ሊከለክሉ» የሚለው ፌዝ ክርክሩን ሁሉ ተካው፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሳይጠይቅ ቀረ።

ምክር ቤቱ እንደምንም አሳለፈው። አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን ግን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2014 ሳይፈርሙ መለሱት። ምክንያታቸው በጥቂት መስመር የሠፈረ ነው፤ በቤት በተሠራ መሣሪያ ላይ ቁጥር መጨመር የሕዝቡን ደኅንነት ይህን ያህል እንዴት እንደሚያሻሽል አልታየኝም የሚል ሐሳብ።

የምቆጨው እዚህ ላይ ነው። ጄሪ ብራውን የመሣሪያ ነጋዴ ጠበቃ አልነበሩም። ዴሞክራት ናቸው፣ የሕግ ሰው ናቸው፣ ከዚያ በፊት የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ሌሎች የመሣሪያ ሕጎችን ፈርመዋል። ጥርጣሬያቸው የጨዋ ጥርጣሬ ነው፤ ሕግ ሲበዛ ይረክሳል ብለው ከሚያምኑት ወገን ነበሩ። ለዚህ ነው የሚያንገበግበው። ያኔ ሻጮቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ገዢዎቹ በአብዛኛው በጋራዥ ውስጥ መፍታትና መግጠም የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ገና የመንደር ልጅ አላወቀውም፣ ገና የወንበዴ ቡድን አልለመደውም። ከሕዝብ ብዛቱም ከገበያው ስፋትም አንደኛ የሆነችው ግዛት ያን ቀን «ቁጥር ይኑረው» ብትል ኩባንያዎቹ ሌላ ነጋዴ እንደሚሆነው ይሆኑ ነበር፤ ወይ ቁጥር ጽፈው ይሸጣሉ ወይ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

ብራውን በ2016 ያንኑ የመሰለ ሕግ ፈረሙ። በሥራ ላይ የዋለው በ2018 ነው። አራት ዓመት።

በአራት ዓመት ምን ይሆናል የሚል ካለ፣ ፖሊስ በየወንጀሉ ይዞ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ያሳወቃቸው ቁጥር አልባ መሣሪያዎች በ2017 በመላ አገሪቱ 1,600 ገደማ ነበሩ። በ2021 ከ19,000 በላይ ሆኑ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ ብቻውን በ2020 ዓመት 813፣ በ2021 ደግሞ 1,921 ሰበሰበ። እኛው አጠገብ ዋሽንግተን ዲሲ በ2017 የተያዘው 3 ብቻ ነበር፤ በ2018 ግን 25፣ በ2019 ከ100 በላይ። ኖቬምበር 14 ቀን 2019 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላሪታ በሚገኘው ሶገስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሁለት ተማሪዎችን ገድሎ ሦስት አቁስሎ ራሱን ያጠፋው በእንዲህ ያለ ሽጉጥ ነው። የ2014ቱ ፊርማ ያንን ቀን ያስቀረው ነበር ብዬ አልምልም፤ እንዲህ ብሎ የሚምል ሰው ነቢይ ወይም ፖለቲከኛ መሆን አለበት። ቁጥሩ ግን ከ1,600 ወደ 19,000 ሲወጣ ዝም ብሎ የቆመው ማን እንደሆነ መጠየቅ መሐላ አያስፈልገውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ከማግሩደሩ ተኩስ በኋላ የሰማሁት ክርክር አለ። አንዱ የኡበር ሾፌር ነው፤ ገና ሠላሳውን ያላለፈ። ሌላው በዕድሜ ጠና ያሉ፣ አገር ቤት ፖሊስ የነበሩ።

«ጋሼ፣ ሌባ መቼ ነው ሕግ አክብሮ የሚያውቀው?» አለ ወጣቱ። «ቁጥር ቢጻፍበት ጥይቱ ይመለሳል?»

«ጥይቱማ አይመለስም» አሉት። «ያቀበለው ሰው ግን ይታወቃል። እኔ በሥራዬ ዘመን ተኳሹን ለመያዝ ብዙም ተቸግሬ አላውቅም። የሚያስቸግረው አቀባዩ ነበር።»

ወጣቱ አልተረታም። «ቁጥሩን በሞረድ ቢፍቀውስ?» አለ። ሽማግሌው ሳቁና «የፋቀው እንደሆነ መፋቁ አንድ ወንጀል ሆኖ ይጨመርበታል፤ ይሄኛው እኮ የሚፋቅ እንኳ የለው!» አሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ሄደ።

ሽማግሌው ያሉት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ የፌዴራሉ የመሣሪያ መከታተያ ማዕከል አለ። ሰው ፊልም ላይ እንደሚያየው ቁጥሩን ሲመቱት የባለቤቱን ፎቶ የሚያወጣ ኮምፒውተር የለውም። በ1986 የወጣ ሕግ መንግሥት የመሣሪያ ባለቤቶችን ማዕከላዊ መዝገብ እንዳይይዝ ከልክሎታል። ስለዚህ ከፖሊስ ጥያቄ ሲመጣ ሠራተኛው ስልክ ያነሣል። አምራቹ ጋ ይደውላል፤ ይህን ቁጥር ለማን ሸጣችሁ? ለእገሌ ጅምላ ነጋዴ። ጅምላ ነጋዴው ጋ ይደውላል። ለእገሌ ሱቅ። ሱቁ ጋ ይደውላል፤ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ ገዢው በእጁ ሞልቶ የፈረመውን ቅጽ ፈልጎ ያነብለታል። ሱቁ ከስሮ ከተዘጋ ደግሞ ቅጾቹ በካርቶን ታሽገው ማርቲንስበርግ መጥተዋል፤ ፎቶ ተነሥተው በስም መፈለግ በማይቻልበት መንገድ ገጽ በገጽ ይገለበጣሉ። አድካሚ ነው፣ ኋላ ቀር ነው፣ ግን ይሠራል። መጨረሻ ላይ አንድ ስም ይገኛል፤ የመጀመሪያው ገዢ ስም።

ተጠራጣሪው እዚህ ጋ ያቋርጠኛል። የመጀመሪያው ገዢ ገዳዩ አይደለም፤ መሣሪያው እጅ በእጅ ዞሮ ነው ወንጀለኛው ጋ የሚደርሰው ይለኛል። ልክ ነው። ነገር ግን ያ ስም ደጋግሞ ሲመጣ፣ ይኸው አንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ከገዛቸው ሽጉጦች ሦስቱ በሦስት ወንጀል ሲገኙ፣ መርማሪው የሚያንኳኳው በር አለው። ቁጥር በሌለው ሽጉጥ ግን ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው ቀለበት ይበጠሳል። ማርቲንስበርግ ያለው ሠራተኛ ስልክ የሚያነሣበት ምክንያት የለም። ለማን ይደውላል?

ሁለተኛውን ጥርጣሬ ግን አልክድም፤ የአካባቢ ሕግ ድንበሩ አጭር ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ኢስተርን አቬኑን በእግር የተሻገረ ሰው ዲሲ ገብቷል። ፖቶማክን የተሻገረ ቨርጂኒያ ነው። ፖስታ የሚያመላልሰው መኪና የካውንቲ ወሰን አያውቅም። ፊላደልፊያ በ2013 ኖቬምበር በፕሪንተር የሚታተም መሣሪያን በመከልከል ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ስትሆን ብዙ ሰው «የሌለ ነገር ከለከሉ» ብሎ ቀልዶባታል። ደግሞም የፔንሲልቬንያ ሕግ ከተሞች በመሣሪያ ጉዳይ የራሳቸውን ሕግ እንዳያወጡ ይከለክላል፤ ከ40 በላይ ግዛቶች እንዲህ ያለ ክልከላ አላቸው። የሞንጎመሪም ሕግ በወጣ በጥቂት ሳምንት ተከስሶ፣ ካውንቲ ይህን የማውጣት ሥልጣን የለውም እየተባለ ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል።

ታዲያ ካውንቲዎችና ከተሞች ለምን ገቡበት? ትልቁ ስለተወው ነው። ኮንግረስ ተወው። የሜሪላንድ ምክር ቤት ከ2022 በፊት በነበሩት ጉባኤዎች ረቂቁ ቀርቦለት ሳያሳልፈው ቀረ። የማግሩደሩ ተኩስ የ2022ቱ ጉባኤ በተከፈተ በሳምንቱ ተሰማና ሦስት ወር ሳይሞላ ረቂቁ አለፈ። አገረ ገዢው ላሪ ሆገን ሳይፈርሙበትም ሳይመልሱትም ሕግ እንዲሆን ለቀቁት። ሽያጩ ከጁን 1 ቀን 2022፣ ይዞ መገኘቱ ከማርች 1 ቀን 2023 ጀምሮ ተከለከለ። አንድ ልጅ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ እስኪወድቅ ያልተገኘው ድምፅ፣ ከወደቀ በኋላ በሳምንታት ተገኘ። ድምፁ መጀመሪያውንም ነበረ ማለት ነው።

ቨርጂኒያ በበኩሏ በ2024 ምክር ቤቷ ያሳለፈውን ተመሳሳይ ረቂቅ አገረ ገዢው ግሌን ያንግኪን መለሱት። ከብራውን አሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ ያ ሁሉ ቁጥር ከታየ በኋላ። የ2014ቱን ጥርጣሬ ይቅር ብዬ ልለፈው እችል ይሆናል፤ የ2024ቱን ግን ጥርጣሬ ብሎ መጥራትም ይከብደኛል።

ተጠራጣሪው የማያነሣው አንድ ነገር አለ፤ የአካባቢው ሕግ ባልተጠበቀ በር ገብቶ የሠራው ሥራ። የዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ካርል ራሲን በጁን 2020 ፖሊመር80ን የከሰሱት በሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነው። ክሱ ባጭሩ፣ ዲሲ ውስጥ ሕገ ወጥ የሆነውን ዕቃ ሕጋዊ ነው እያላችሁ ለነዋሪው ሸጣችሁ የሚል ነው። የተበላሸ ፍሪጅ የሚሸጥ ነጋዴ በሚከሰስበት ሕግ መሆኑ ነው እንግዲህ። በኦገስት 2022 ዳኛው ኩባንያው ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከስሳ በ2023 በ5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማች። ባልቲሞርም ከስሳ ካሳዋን ተቀበለች። ፖሊመር80 በ2024 ተዘጋ። ኮንግረስ ያልነካውን፣ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ የመረቀውን ኩባንያ እየነከሱ ወደ መዘጋት ያደረሱት እነዚያ «ፋይዳ የላቸውም» የተባሉት ከተሞች ናቸው።

የፌዴራሉ መንግሥት በ2022 ነቃ። ቶሎ ወደ ሽጉጥ የሚቀየር ዕቃ እንደ ሽጉጥ ይቆጠር፣ ቁጥር ይጻፍበት፣ ገዢው ይጣራ የሚል ደንብ አወጣ። ተከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ማርች 26 ቀን 2025 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ደንቡ ጸና። ውሳኔውን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ ኒል ጎርሰች ናቸው፤ እላይ ያነሣሁት የ21 ደቂቃው ታሪክ የሚገኘውም እሳቸው በጻፉት ላይ ነው። ሰባቱ ዳኞች ለማለት የፈለጉት ተራ ሰው በ2013 ሊለው የሚችለውን ነው፤ ለመገጣጠም ብቻ የቀረው ሽጉጥ ሽጉጥ ነው። ይህን ለማለት አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሕጉ አልተቀየረም፤ የ1968ቱ ሕግ ያው የ1968ቱ ሕግ ነው። ያንኑ ንባብ በ2013ም ማንበብ ይቻል ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዛሬ የቁጥር አልባው ሽጉጥ ክርክር አልተዘጋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ሳጥኑን የሚሸጠው ኩባንያ ቢጠፋ ንድፉን የሚያወጣው ፕሪንተር ከዓመት ዓመት እየረከሰ ነው። ኩባንያ ይከሰሳል፣ ይቀጣል፣ ይዘጋል፤ በየመኝታ ቤቱ ያለ ፕሪንተር ግን ዋና መሥሪያ ቤት የለውም። አሁን በየግዛቱ የሚረቀቀው ይህን የሚመለከት ነው፤ የመሣሪያ ንድፍ ስለማሰራጨት፣ ስለማተም፣ ስለ ፕሪንተር ሽያጭ። ጥርጣሬው ከወዲሁ ተሰልፏል። አንዳንዱ ጥርጣሬ ብርቱ ነው። ንድፍ ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍ ደግሞ የመናገር ነፃነት ነው የሚለውን ክርክር እንደ ቀልድ የሚያልፈው ሰው የፍርድ ቤቶቹን መዝገብ አላየም። ፕሪንተር ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም፣ ለመካኒክ የሚሠራ ዕቃ መሆኑም እውነት ነው፤ በችኮላ የተጻፈ ሕግ እነሱን ይጎዳል። ረቂቆቹ መፈተሽ፣ መታረም፣ አንዳንዶቹም መውደቅ አለባቸው። እኔ የምቃወመው ፍተሻውን አይደለም። የምቃወመው ፍተሻ መስሎ የሚመጣውን መጎተት ነው፤ «እስቲ ይታይ» እየተባለ ከ1,600 ወደ 19,000 የተደረሰበትን።

የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት የሚሰበሰበው ሮክቪል ነው። ረቂቅ ሲቀርብ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ ደጋፊም ተቃዋሚም እኩል ይናገራል። የመሣሪያ ማኅበራቱ አንድም ቀን አይቀሩም፤ መብታቸው ነው፣ ትጋታቸውንም አደንቃለሁ። የማይታየው የእኛ ሰው ነው። ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ፣ ለዕድር፣ ለአገር ቤት ፖለቲካ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚሰበሰብ ማኅበረሰብ ልጆቹ በሚውሉበት ትምህርት ቤት ጉዳይ ወንበሩ ባዶ ነው። እንግዲህ የሚቀጥለው ረቂቅ ሲመጣ አቅራቢው ምናልባት እንደ ካሊፎርኒያው ሴናተር ምላሱ ይሳሰር ይሆናል። ያስቅ ከሆነ ሳቁ፤ ስቃችሁ ስታበቁ ግን ረቂቁን አንብቡት፣ ከዚያም ሄዳችሁ ደግፉት ወይም ተቃወሙት። አስተያየት መስጫው ለሁሉም ክፍት ነው፤ መናገር የሚፈልግ አስቀድሞ ስሙን ያስመዘግባል።